የስድስት ጣት እጥፋት

የበደለችኝ የባሌ ታላቅ እህት ናት። ጊዜውም በደርግ ዘመን፣ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር አሰበ ተፈሪ ውስጥ ስፌት ቤት ከፍቶ ሁለተኛ ዓመቱን በያዘበት ክረምት ነው። ስሟን አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ ለማያውቃት ስሟ ምንም አይጠቅመውም። እሷ የስፌት ቤቱ ኃላፊ ነበረች፣ እኔ ቆራጭ።

ሙያውን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። ገለምሶ ውስጥ የስፌት መኪናውን በነጋዴዎች ሱቅ በረንዳ ላይ አውጥቶ ይሰፋ ነበር። የልጅ ቀሚስ ሲቆርጥ ከግርጌው ስድስት ጣት ያህል ያስተርፍና ወደ ውስጥ አጥፎ ላላ ባለ ስፌት ይይዘዋል። ልጅቷ ስታድግ እናትየው በየመስከረሙ ሁለት ሁለት ጣት እየፈታች ትለቀዋለች። አንድ የትምህርት ቤት ቀሚስ አራት ዓመት ያገለግላል፣ ከዚያም ለታናሽ እህት ይተርፋል። እኔም እንደዚያው ስቆርጥ ኖርኩ፤ የከተማው እናቶችም ከዚህ ሌላ አያውቁም ነበር።

የተለቀቀው ጨርቅ ፀሐይ ስላላገኘው ከላይኛው ይጠቁራል፤ የድሮው እጥፋት ቦታም መስመር ሆኖ ይቀራል። ልጆቹ መስመሩን እየቆጠሩ ማዕረግ ይሰጡ ነበር። ባለ አንድ መስመሯ ምክትል አስር አለቃ፣ ባለ ሁለቷ አስር አለቃ። ባለ ሦስት መስመሯ በሰፈር ስታልፍ "ሃምሳ አለቃ መጣች፣ ተሰለፉ!" ይሏታል። ታለቅሳለች፣ ግን ቀሚሱን ትለብሰዋለች።

በዚያ ክረምት የባሌ እህት ከአውራጃው ስብሰባ ተመልሳ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

"ከዛሬ ጀምሮ እጥፋት አንድ ጣት ብቻ ነው።"

"አንድ ጣት ምን ይለቀቃል፣ እትዬ?" አልኳት።

"መለቀቁን ማን ጠየቀሽ? ከአንድ ጣቃ የሚወጣው ቀሚስ ይብዛ ተባልን፤ ይበዛል።"

ከውጭ ለሚያየው ቀሚሱ ያው ነው። ግርጌውን ገልብጦ ያላየ አያውቅም። እኔ ግን እናቶቹን አውቃቸዋለሁ። መጥተው ለለመኑኝ እንደ ድሮው ስድስት ጣት አጠፍኩላቸው፤ ጨርቁን ለማካካስ ደግሞ የኮሌታውን የውስጥ በኩልና ኪሱን ከቁርጥራጭ አወጣሁ። ከጣቃው የሚጠበቀው የቀሚስ ብዛት አንድም ጎድሎ አያውቅም።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ የባሌ እህት ልጇን ይዛ ቤቴ መጣች። ልጅቷ ያኔ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ትላለች።

"የእሷን እንደ ድሮው አድርጊው" አለችኝ። "ይቺ እንደ ሸንበቆ ነው የምትመዘዘው፤ በየዓመቱ ከየት አመጣላታለሁ?"

"ትእዛዙስ?"

"ትእዛዙ የስፌት ቤቱ ነዋ። እዚህ የወንድሜ ቤት ነው ያለሁት።" ሳቀች። ባሌም ሳቀ። ልጅቷን ለካሁ፣ ቆረጥኩ፣ ስድስት ጣት አጥፌ ሰፋሁላት።

ሳምንት ሳይሞላ የማኅበሩ ስብሰባ በቀበሌው አዳራሽ ተጠራ። ባሎችም እንዲመጡ ተነግሮ ነበር። ከአውራጃ የመጡ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የባሌ እህት አዲስ ቀሚስ ከፍ አድርጋ ይዛ ተነሣች። ጫት ነጋዴዋ ጎረቤቴ ለልጇ ያሰፋችው እንደሆነ ከኪሱ ለየሁት፤ የባሌ እህት ቁልፉን ላጥብቅልሽ ብላ ተቀብላት ኖሯል። እጥፋቱን በምላጭ ፈታችና ጨርቁን ዘረጋችው።

"ይሄ ስድስት ጣት ጨርቅ የማን ነው?"

"የሕዝብ!" አሉ ከፊት የተቀመጡት።

"ከሕዝብ ጨርቅ ቆርጦ ውስጥ መደበቅ ምን ይባላል?"

መልሱን ራሷ ሰጠች፤ "አሻጥር!" አለች። በዚያን ጊዜ ይህ ቃል ሰው ያሳስር ነበር። ተነሥቼ ከቁርጥራጭ እንዳካካስኩ ልናገር ስጀምር ከአውራጃ ከመጡት አንዱ "ስትጠየቂ ትናገሪያለሽ" አለኝ፤ ተቀመጥኩ።

ጫት ነጋዴዋ ግን ሳትጠየቅ ተነሣች። "ያ ረቢ! እኔ ነኝ የለመንኳት! ማሊፍ ትወቀሳለች? ለምን? የኔ ልጅ አታድግም እንዴ? ድንጋይ ናት?"

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። የባሌ እህት ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀችና "ልጅሽ ካደገች ሌላ ትገዣለሽ" አለቻት።

ልጅ ሲያድግ ሌላ ይገዛል ሲባል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው እንደዚህ ይላል፤ ሁለት ጊዜ ታጥቦ የተተረተረ ልብስ በየደጁ ይጣላል፣ ማንም አይገርመውም። ያን ቀን ግን ሌላ የሚገዛ ሰው በሴቶቹ መካከል አልነበረም።

"አጥፍቻለሁ በይና ሥራሽ ላይ ትቆያለሽ" አለችኝ የባሌ እህት። የልጇ ቀሚስ ግርጌው ታጥፎ እቤቷ ሳጥን ውስጥ ነበር። ያንን ለምን አላወጣሽም ብለው የጠየቁኝ አሉ። ባወጣው ለዘመድ በድብቅ ሰፋች ይሉኛል፤ እሷ አላወቅኩም ብላ ትወጣለች፣ እኔ እታሰራለሁ። ባሌ ከኋላ ተቀምጦ ቆቡን በእጁ ያዞር ነበር። የልጅቷን ቀሚስ ስሰፋ መብራቱን የያዘልኝ እሱ ነው። አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ሁለት ምስክር እንሆን ነበር። ቆቡን ማዞሩን ቀጠለ።

አጥፍቻለሁ አላልኩም። ከመቁረጫው ተነሥቼ ካውያ ላይ እንድሠራ ተወሰነ። መቀሱን አስቀምጪ አሉኝ፤ መቀሱ የአባቴ ነበር፣ የማኅበሩ ነው ብለው አስቀሩት። አንድ ዓመት ልብስ ተኮስኩ።

በሚቀጥለው መስከረም በትእዛዙ አንድ ጣት ብቻ የታጠፈላቸው እናቶች ግርጌ ሲፈቱ የሚለቀቅ ጨርቅ አጡ። ቀሚሶቹ ከጉልበት በላይ ወጡ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ያጠረ ቀሚስ ለባሾችን ከበር መመለስ ጀመረ። ስፌት ቤቱ በር ላይ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚሰደበው ስድብ ለአንድ ሳምንት አላቋረጠም። የባሌ እህት ልጅ ከቀሚሷ ሁለት ጣት አስለቅቃ፣ ባለ አንድ መስመር ሆና ትማር ነበር። አየኋት። እናቶቹም አዩአት።

ያኔ የባሌ እህት እንደገና ቤቴ መጣች።

"ያለፈው አለፈ። ወደ ጠረጴዛሽ ተመለሽና ለነዚህ ሴቶች ቅጥያ ስፊላቸው፤ የሚሰሙት አንቺን ነው።"

"እመለሳለሁ። እርስዎም እዚያው አዳራሽ ውስጥ ይናገሩ።"

"ምኑን?"

"የልጅዎን ቀሚስ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። "ቂመኛ! ለአንዲት ቀሚስ ዘመድሽን ልታሳስሪ ነው?"

"እርስዎ ለአንዲት ቀሚስ ሊያሳስሩኝ አልነበር?"

ባሌ ከአልጋው ጫፍ ሆኖ "ተይ እንጂ፣ እህቴ ናት" አለ። ይህን ያህል ጊዜ ቆይቶ ስለዚያ ጉዳይ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ እሱም ሊሸኛት ተከትሏት ወጣ።

በማግስቱ ልብሴን ጠቅልዬ በጭነት መኪና ሂርና ሄድኩ። ከአንድ ነጋዴ የስፌት መኪናና ግማሽ በረንዳ ተከራየሁ። ለሚመጣው ሁሉ ስድስት ጣት አጠፍኩ፤ ከአሰበ ተፈሪ የሚመጡም ነበሩ። ባሌ ሁለት ጊዜ መጥቶ ለመነኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሻይ ጠጥቶ ተመለሰ። የእህቱ ልጅ አድጋ የሰርግ ልብስ ልታሰፋ ስትመጣ ሌላ ሰፊ እንድትፈልግ ነገርኳት። ከዚያ ቤት ለማንም አልሰፋሁም።