ዶክተር ነገ እና አንዲቷ ነጥብ

ሰፈሩ «ዶክተር ነገ» ያላት በገዛ አፏ ነው። «መቼ ነው የምትመረቂው?» ሲሏት «ነገ ዛሬ ነው» ትል ነበር፤ እኛም የሰው ቃል መሬት አይወድቅም ብለን «ነገ»ዋን አነሳንላት። ዶክትሬቱን ከጀመረች ሰባት ዓመት ሞላት። እናቷ ለምርቃቱ ያሰፋችላት ቀሚስ ምድር ቤት ካለው ልብስ ሰፊ ዘንድ እንደተሰቀለ ሁለቴ ጠቧታል፣ አንዴ ሰፍቷታል። ልብስ ሰፊው ግን ቀሚሱ ጥፋት የለበትም ባይ ነው።

ሥራዋን ያልጠየቃት የለም፤ የገባው ደግሞ ጥቂት ነው። እንዲህ ነው አሉ። አንድ ከተማ አስቡ። በየቤቱ ጣሪያ ላይ መደርደሪያው የማያልቅ መጋዘን አለ። መጋዘኖቹ ለየብቻ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ተንኮሉ ከጎረቤት ጎረቤት የሚያያዙበት መንገድ ላይ ነው፤ ሰፈሩን ዞረው ሲመለሱ ተጣመው የሚገጥሙ አሉ። በየመጋዘኑ ያለው ዕቃ ኦፕሬተር አልጀብራ ይባላል፣ የመጋዘኖቹ ሰልፍ ደግሞ ጥቅል። አሁን ከተማውን ከነመጋዘኑ የሚያዞር ሰው መጣ እንበል፤ እሱ ሲሜትሪው ነው። የእሷ ሥራ ለየጥቅሉ መታወቂያ ማውጣት ነው፦ መታወቂያቸው አንድ የሆነ ጥቅሎች አንድ ናቸው፣ የተለያየ ይለያያሉ። መታወቂያ የሚወጣበት ቢሮ አልጀብራዊ ቶፖሎጂ ነው። መዞር ለሌለባቸው ከተሞች ሌሎች ሠርተው ጨርሰዋል። እሷ ከነመዞሩ ልትሠራው ተነሳች፣ ሠራችውም፣ የመመረቂያ ፈተናው ቀንም ተቆረጠላት።

ፈተናው ሁለት ቀን ሲቀረው ለመክፈቻ የሚሆን ቀላል ምሳሌ ፈለገች። ሰሌዳ ስለሌላት የምትጽፈው ኩሽናው መስኮት ላይ ነው። እዚያ አንዲት ነጥብ አደረገች። ከተማው አንድ ቤት ብቻ ቢሆንስ?

አንድ ቤት የት ይዞራል? በቦታው ይቀራል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ዕቃ ግን ይዞራል፤ አንዱ ጥቅል ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት። ሁለት የተለያዩ ጥቅሎች ማለት ነው። የእሷ ቢሮ ለሁለቱም ያወጣው መታወቂያ ግን ዜሮ ሆነ፤ የተለያዩትን አንድ አላቸው። ዘመኗን ሁሉ ቀለበት ላይ፣ የመኪና ጎማ በመሰለ ገጽ ላይ፣ ሁሉም ሲዞር ማንም ቦታው ላይ በማይቀርበት ላይ ስትሞክረው ኖራለች። አንዲት ነጥብ ላይ መሞከርን ማን ያስበዋል? የሒሳብ ሰዎች ለቀላል ነገር ጊዜ የላቸውም።

«ምነው ፊትሽ?» አለች እናቷ ድስት ይዛ እየገባች።

«እማ፣ ነጥቧ ጉድ ሠራችኝ።»

እናትየው መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። «ዝንብ መስላኝ ነበር። ምን ያህል ቦታ ትይዛለች?»

«ምንም ቦታ አትይዝም።»

«ምንም ቦታ ለማትይዝ ነገር ነው እንዲህ የምትሆኚው? ጥረጊያት በቃ!»

የዩኒቨርሲቲ አማካሪዋ ግን በማግስቱ ሻያቸውን እየተጎነጩ መላ አገኙላት። «‹ሲዞር በቦታው የሚቀር ከሌለ› የምትል ሐረግ ጨምሪ። ያኔ ቲዎረሙ እውነት ነው።»

«ነው። ግን ማንም በቦታው ካልቀረ፣ እየተዟዟሩ የሚደራረሱትን ቤቶች እንደ አንድ ቤት ቆጥሬ ከተማውን ባጥፈው ያው የድሮው ቲዎረም ይሆናል። የሰው ሥራ ነው እኮ!»

«ፈታኞቹ መግቢያውን ያነባሉ፣ ከዚያ ስለ ምሳ ያስባሉ። አንቺ ደግሞ አታድርቂኝ።»

ሐረጓን ጨመረች። በፈተናው ቀን የክፍሉን መጋረጃ ዘግተው ፕሮጀክተሩን አበሩላት፤ ሐረጓም ግድግዳው ላይ በትልቁ ወጣች። ልታነባት ጀምራ ተወቻት። ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ ነጥብ አደረገች። «የሠራሁት ሁሉ እዚህ ይወድቃል» አለች። ሲያንቀላፉ የነበሩት ፈታኝ ነቁ።

«ታዲያ ለምን መጣሽ?»

«ቀጠሮ ስለነበረኝ።»

አስተካክለሽ ተመለሺ አሏት። አማካሪዋ ቀና ብለው ሳያዩዋት ወረቀታቸውን ሰብስበው ወጡ።

ሰፊው ካውያውን አግሎ ደረጃው ሥር ጠበቃት። «ዶክተር፣ ቀሚሱን ልተኩሰው? ምርቃቱ መቼ ሆነ?»

የደረጃው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጣለ፤ «ነገ»ን ልንሰማ።

«አላውቅም» አለችው። «አጣጥፈህ አስቀምጠው፣ ከፈለግህም ቅደደው!» በሩን ስትዘጋው ሕንጻው ተንቀጠቀጠ።

እናቷ ነገሩን ሰምታ አላመነችም። «ፈታኞቹ አላወቁም ነበር?»

«አላወቁም።»

«በገዛ አፍሽ ነገርሻቸው?»

«በገዛ አፌ።»

«ምን ዓይነት ልጅ ነው የወለድኩት! ሰው የጎረቤቱን ጉድ ያወራል እንጂ የራሱን?»

ልጅቷ ወደ ኩሽና ገባች። መስኮቱ ጥርት ብሏል። «እማ! ነጥቧን ጠረግሻት?»

«ጥረጊያት ስልሽ አልሰማ ስላልሽ ነዋ!»

ጥርሷን ነክሳ እንደገና አደረገቻት። እናትየው ጨርቁን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ትንሽ አየቻት።

«ከዚህ ነው የምትጀምሪው?»

«ከዚህ ነው።»

«ያ ሁሉ ዓመትስ?»

ልጅቷ ከነጥቧ ጎን መጻፍ ጀምራ ነበር። ሁለተኛው መስመር ላይ ብዕሩ ደረቀባት።