ለሴቶቹ ቃል የተሟገቱት ሲስተር ዘይነባ

ሲስተር ዘይነባ እንድሪስ ለረጅም ጊዜ ሲያሠቃያቸው በቆየው የኩላሊት ሕመም ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መካነ ሰላም በሚገኘው ቤታቸው አረፉ። በዚያው ዕለት ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ወጥቶ ቀበርናቸው። ለሚያውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፈው የገበያው ዳር ልብስ ሰፊዋ ተማሪያቸው ነኝ። ኀዘን ብቻ ቢሆን ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ንዴቴንም አልደብቅም።

ሲስተር ዘይነባ ከነርስነት ሥራቸው ጡረታ በወጡ ማግስት፣ አንድ ድርጅት የአካባቢው ሰው የገዛ ቀዬውን የጤና ችግር ማጥናት እንዲችል በኢንተርኔት እንደሚያሠለጥን ሰሙ። ዞረው መዘገቡን። እኔ ነበርኩ፣ ሕፃን አዝላ ከገጠር የምትመጣ እናት ነበረች፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን የኛን ቅሬ የሚመሩት አዛውንት ነበሩ፣ ሌሎችም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ ኔትወርኩም ባሰኘው ቀን ይመጣል፣ ባሰኘው ቀን ይቀራል። እርሳቸው ማለዳ ቪዲዮውን በላፕቶፓቸው ያወርዱና ከሰዓት በኋላ ሰብስበውን፣ የእናቲቱን ሕፃን ራሳቸው አዝለው፣ እያቆሙ በአማርኛ ያስረዱናል። የቪዲዮው መምህር «ጥያቄህ መልሱን አይጠቁም» ሲል እርሳቸው እንዲህ ይሉናል፦ «‹ጤና ጣቢያ መሄድ ጥሩ ነው አይደል?› ብላችሁ ከጠየቃችሁ ወሎዬ እንግዳ አያሳፍርም፤ ‹አዎ› ይላችኋል። አዎውን ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፣ እውነቱ እዚያው ይቀራል።»

የመጀመሪያውን ፈተና ሳስብ አሁንም ሳቄ ይመጣል። እያንዳንዳችን በየስልካችን ለብቻችን እንድንፈተን ታዝዘን ነበር። እኛ ግን እንደ ቅሬ ጉዳይ ክብ ሠርተን ተመካከርን፤ ሁሉም ሳይስማማ አንድም መልስ አልተሞላም። ስሕተታችን እንኳ ሳይቀር አንድ ሆነ። በማግስቱ «ኮርጃችኋል» ተብለን ታገድን። ሲስተር ዘይነባ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና ለድርጅቱ ደውለው፣ «ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን ወስነው አያውቁም። ድገሙላቸው፤ እኔ አራርቄ አስቀምጣቸዋለሁ» አሉ። ተደገመልን። የቅሬው ሰብሳቢ ግን ያን ቀን ከሰው ተለይተው መቀመጣቸውን እስከ ዛሬ እንደ ቅያሜ ይቆጥሩታል።

ከዚያ ጥናቱ መጣ። ጤና ጣቢያ እያለ እናቶች ለምን ቤታቸው ይወልዳሉ የሚል ነበር። እኔና ሲስተር ዘይነባ ፋጡማ ከምትባል ሴት ቤት ገባን፤ ስሟን የምጽፈው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው። «ምጥ ይዞኝ በቃሬዛ ተሸክመው ወሰዱኝ» አለችን። «አዋላጇ ‹ስታረግዢ ያልጮኽሽ አሁን ምን ያስጮኽሻል?› አለችኝ። ወላሂ፣ ሁለተኛ ከምሄድ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል።» ሌሎቹም ሴቶች ተመሳሳይ ነገር ነገሩን። ልንወጣ ስንል ፋጡማ፣ «እናንተስ ጠይቃችሁ ሄዳችሁ። ምን እንደተባለ መጥቶ የሚነግረን ማነው?» አለች። ሲስተር ዘይነባ፣ «አብሽሪ፤ እኔው መጥቼ በቅሬው ፊት እነግራችኋለሁ» አሏት።

ሪፖርቱ ከድርጅቱ ተጽፎ ሲመለስ የሴቶቹ ቃል ከውስጡ ወጥቷል። በምትኩ «እናቶቹ የግንዛቤ እጥረት አለባቸው» ይላል። የእኛ ስም አለመጠቀሱን ተዉት። ስድቡ ወዴት ሄደ? ተሸክመው ከወሰዷት ቦታ ተዋርዳ የተመለሰች ሴት ምን ግንዛቤ ይጎድላታል? ሲስተር ዘይነባ አንብበው ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ እንኳ የአንዷን ልክ ወስደሽ ለሌላዋ አትሰፊም» አሉኝ።

የሴቶቹ ቃል እንዲመለስ፣ ለሴቶቹም እንዲነግሩ እንዲፈቀድላቸው ደወሉ፤ ጻፉ። ያገኙት መልስ «ጥናቱ የድርጅቱ ነው፤ እስኪታተም ለማንም አይነገር» የሚል ነበር። ለማንም ማለት ለተናገሩት ሴቶችም ጭምር ነው። እርሳቸው ደንብ አክባሪ ነበሩና ጠበቁ። ሕመሙ ከአልጋ ባዋላቸው ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ የሚያነሡት ይህንኑ ነበር። «ሴቶቹ ምን ይሉኛል?» ይሉኝ ነበር። ጥናቱ ሳይታተም እርሳቸው አለፉ።

ለቅሶው ላይ ከድርጅቱ የመጣ ሰው ተነሥቶ፣ «በማኅበረሰብ ተሳትፎ የማይተካ ሚና የተጫወቱ» አላቸው። በሕይወት ሳሉ ስልካቸውን ያላነሣ ሰው ነው።

ሲስተር ዘይነባ፣ እርስዎ ፈቃድ ጠየቁ፤ እኔ አልጠየቅሁም። እሑድ ወንዱም ሴቱም ለቅሬ በተሰበሰበበት ተነሥቼ ሴቶቹ የነገሩንን፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ አንድ በአንድ ተናገርኩ። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ነበር። «ይህን ያለች ሴት አለች?» ብሎ ጠየቀ። ፋጡማ ተነሥታ፣ «እኔ ነኝ ያልኩት» አለችው። ከኋላዋ ሌላዋ ቆመች፤ ከዚያም ሌላዋ።

ይህን ማየት የነበረብዎ እርስዎ ነበሩ። አላህ ይዘንልዎ፣ ጀነትን ያውርስዎ። ይህን ቀን ያስቀሩብዎትን ሰዎች እርስዎ አፉ ይሏቸው ይሆናል፣ ደግ ነበሩና። እኔ ገና አላልኳቸውም።