ላሚቱ የረገጠችው ተዳፋት

ሐረር አጠገብ ድሬ ጠያራ ስዳር ከእናቴ ቤት ነድቼ የመጣሁት አንዲት ቀይ ጊደር ነበር። እናቴ ካለፈች በኋላ የእሷ ከሆነ ነገር የቀረችልኝ ያቺው ናት። ጊደሯ ላም ስትሆን ግን ግጦሹ አለቀ፤ አገሩ ሁሉ ጫት ሆነ። ለእኛ የተረፈው ከቤቱ ጀርባ ያለው ተዳፋት ነው፤ እሱንም ጭቁኝ ወርሶታል። ጭቁኝ ሽታው ደስ ይላል እንጂ መራራ ቁጥቋጦ ነው፤ ከብት አሽትቶ ያልፈዋል።

አንድ ቀን ባለቤቴ፣ «ይቺ ላም አጥንቷ ወጣ። ትሸጥና ተዳፋቱን መንጥረን ጫት እንትከልበት» አለኝ።

«አንድ ክረምት ታገሠኝ፤ ሣር ልዝራበት።»

አማቴ ከጓዳ ሰምተው ሳቁ። «ሣር የሚዘራ ሰው ዛሬ አየሁ። እሱን የሚዘራው አላህ ነው፣ ልጄ።» ይሳቁ እንጂ፣ ጭቁኙን ስነቅል ዶማ ይዘው የመጡልኝ እሳቸው ናቸው።

ሐረር ገበያ የሄድኩ ቀን ግብርና ቢሮ ጎራ ብዬ የሮደስ ሣር ዘር አገኘሁ። እፍ ቢሉት ይበናል። ከዚህ ብናኝ ላም የምታክል ፍጥረት ትጠግባለች ብሎ ማሰቡ ራሱ ይገርም ነበር። ታዲያ ንፋስ እንዳይወስደው ፈራንና እንደ ማሽላ ፈር አውጥተን አፈር አለበስነው። ዝናቡ መጣ፤ አረሙ በቀለ፤ ሣር ግን የለም። ብቆፍር ዘሩን ከታች በስብሶ አገኘሁት። ለካ ያን ሁሉ አፈር ገፍቶ መውጣት አይችልም።

ባለቤቴ የጫት ችግኝ ማፈላለግ ጀመረ።

ዘሩን ካመጣሁበት ፌስታል ሥር ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ዝናብ ባባራ ጠዋት፣ ግማሹን እንዲሁ መሬቱ ላይ በተንኩት። ከሰዓት በኋላ ላሚቱ ገመዷን በጥሳ ገባችበት። አማቴ ከደጃፍ ሆነው፣ «መሸጧን ሰምታ ልትሰናበትሽ መጣች» አሉ።

«ኧረ እማዬ፣ አይሳቁብኝ።»

ጎትቼ ሳወጣት ጭቃው ኮቴ በኮቴ ሆኗል። አልቅሼ ገባሁ።

ከቀናት በኋላ አማቴ ጠሩኝ። ድምፃቸው የወትሮው አልነበረም። «ነይ ልጄ፤ እግርሽን ቀስ አድርጊ።»

ምን ልበላችሁ። ሣሩ በቅሏል፤ የበቀለው ግን ኮቴዋ ውስጥ ብቻ ነው። ለሁለት የተከፈለው ሰኮናዋ ባረፈበት ልክ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ አረንጓዴ ቆሟል። መንገዷ በሙሉ ይታያል፤ የዞረችበት፣ የቆመችበት፣ እኔ ስጎትታት ያዳለጣት ቦታ ሳይቀር። ዘሩ የፈለገው መቀበር ሳይሆን መረገጥ ኖሯል። አማቴ ጎንበስ አሉ፤ እጃቸውን ዘረጉና ሳይነኩት መለሱት።

«ሱብሃነላህ» አሉ በቀስታ። «ለራሷ ዘራች።»

ባለቤቴም መጥቶ ብዙ ቆሞ አየ።

«ዘር ተርፎሻል?» አለኝ።

«ትንሽ።»

ሄዶ ላሚቱን ፈታት። «አንቺ በትኚ፣ እኔ እነዳታለሁ።»

እኔ ከፊት እየበተንኩ፣ እሷ ከኋላዬ እየረገጠች ተዳፋቱን ወጣን። አማቴ ከታች ሆነው፣ «ያን ጥግ አስረግጡት እንጂ፣ ምን ያስቸኩላችኋል» ይሉናል።