ንፋስ በአንገት ይገባል

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው፣ ካናዳ፣ ካልጋሪ። ጥር ላይ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ንፋስ ነፍሶ በረዶው በአንድ ቀን ቀለጠ። እኔም ጃኬቴን ከፍቼ ከእማዬ ጋር ወደ ሰፈራችን ፋልከንሪጅ የሚሄደው ባስ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ዝጋው። ንፋስ በአንገት ገብቶ ኩላሊት ላይ ነው የሚቀመጠው» አለችኝ።

«እማዬ፣ ኢትስ ዋርም! ደግሞ ይሄ የአገር ቤት ወሬ ነው፤ እዚህ ማንም እንዲህ አይልም።»

አኮረፈች።

ፊት ለፊታችን አንዲት ቻይናዊት ባልቴት ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ትክ ብለው ሲያዩኝ ቆዩና ተነሱ። በሚንገጫገጨው ባስ ውስጥ እየተንገዳገዱ መጥተው ዚፔን እስከ አገጬ ሳቡት። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው በቻይንኛ ይቆጡኝ ጀመር። ባሱ ሙሉ ሰው እኔን ያያል። ሃያ ዓመት ያለፈኝ ጎረምሳ ነኝ እኮ!

እማዬ ደግሞ በአማርኛ፣ «እሰይ! ይንገሩልኝ እናቴ!» ትላቸዋለች።

ቢጨንቀኝ የልጅ ልጃቸውን በእንግሊዝኛ «ምንድነው የሚሉት?» አልኳት።

«ሶሪ» አለች እየሳቀች። «በቻይና መድኃኒት ዊንተር ኩላሊት ከብርድ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። ንፋስ በአንገት ገብቶ ኩላሊት ላይ ነው የሚቀመጠው እያለችህ ነው።»

እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴ፣ «ምን አለች ልጅቷ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ምንም» አልኳት። ዚፑን ግን አልከፈትኩትም።