እትዬ ዘይነባ ያልሰጠችው ቴሌግራም

እትዬ ዘይነባ ከማሽኗ ፊት ተቀምጣለች። የደሴው የቴሌግራም ቢሮ ኃላፊ ከጀርባዋ ቆሟል። ከመስኮቱ ወዲህ አባቴ፣ ከጎኑ የጋቢውን ጫፍ የያዝኩ እኔ፤ በሩ ላይ ደግሞ ከዝናቡ የተጠለሉ ሁለት የሰፈራችን ሽማግሎች።

ይህን የልጅነቴን ቀን ያስታወሰኝ ሰሞኑን ኮምቦልቻ በእህቴ ልጅ ስልክ የመጣ መልእክት ነው። ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኗል። ልጁ አንድ ቃል ሳያነብ ስለታመሙት አጎታችን ክፉ ክፉውን ይገምት ጀመር። ተቆጣሁ። «ድገምልኝ በለው እንጂ!» አልኩት። ይህ ቃል ከእትዬ ዘይነባ የተረፈኝ ነው።

ጎረቤታችን ነበረች። ከሥራ ስትመለስ ቀሚሷ የማሽን ዘይት ይሸታል፤ የጣቶቿ ጫፍ በቀለሙ ጥብጣብ ጠቁሯል።

ያን ቀን በኮምቦልቻ በኩል በመጣው ቴሌግራም ላይ የሚነበበው፣ አዲስ አበባ ሆስፒታል የተኛው የወንድሜ የጀማል ስም ብቻ ነበር። የቀረው የተዘበራረቀ ፊደል ነው። ለኃላፊው ይህ በቃው። ቴሌግራም ለደግ አይመጣም ብሎ ሽማግሎቹን አስጠራና መርዶ ነው አላቸው። እነሱም ድንኳን እንዲወጣ አዘው መጡ። ቤት ውስጥ እናቴ አራስ ናት። አባቴ ወሬውን መንገድ ላይ ሰምቶ እኔን እየጎተተ ደረሰ።

«ወረቀቱን ስጫቸው» አላት ኃላፊው።

«ያልተነበበ ነገር ምኑ ይሰጣል?»

«ልጄ፣ ለምን ታንገላቺናለሽ? መርዶ አይደበቅም!» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«አባባ፣ ማን ሞተ አለዎት?»

አባቴ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ዱዓ ላይ ነው።

እትዬ ዘይነባ መስመሩን ነቅላ፣ የመታችውን ፊደል ማሽኑ እዚያው ለራሱ እንዲጽፍ አደረገች። ፊደሉ ጥርት ብሎ ወጣ። «ማሽኑ ደኅና ነው፤ የታመመው ሽቦው ነው» አለች። ክረምት ሲገባ በኮምቦልቻ መንገድ ያለው የሐረጎ ዳገት እርጥብ ባሕር ዛፍ ሽቦው ላይ ይተኛል። መስመሩን መልሳ ሰካችና ኮምቦልቻ ላለው ባልደረባዋ በሌላኛው ሽቦ እንዲደግምላት ደጋግማ ጻፈች። ኃላፊው ሰዓቱን እያየ «ግትር!» ይላታል። ዛሬም ያንገበግበኛል። ወንበር ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፤ ለአንዲት አራስ ሲል አንድ መልእክት እስኪደገም የሚታገስበት ልብ ግን አልነበረውም።

ማሽኑ ተንቀጠቀጠ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጣ። ቆርጣ በመስኮቱ በኩል ለአባቴ አንብባ ሰጠችው፦ «ቀዶ ሕክምናው ተሳክቷል። እዚህ ብርድ ነው፤ ሹራብ ላኩልኝ። ጀማል።»

«ወላሂ፣ ሙት ሹራብ አይጠይቅም!» አሉ ያው ሽማግሌ። ሌላኛው ድንኳኑን ሊያስመልሱ በዝናቡ ሮጡ።

አባቴ ወረቀቱን በሁለት እጁ ይዞ «አልሐምዱሊላህ» ሲል፣ ኃላፊው ወደ እትዬ ዘይነባ ዞረ።

«ትእዛዝ ጥሰሻል። ከነገ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ እንዳላይሽ።»

ሽማግሌው ጫማቸውን አዩ። አባቴም ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

እትዬ ዘይነባ ማሽኑን በጨርቁ ሸፈነች። ጃንጥላዋን ከጥግ አነሣች፤ በመካከላችን አልፋ ወጣች።