አራት ቁጥር የተሰጣት ማር ቆራጭ

ጨዋታውን ቦንጋ ያመጣው ከሰሜን ተመድቦ የመጣው የአይሲቲ መምህራችን ነው። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ወዳጃችን ሱቅ ጀርባ፣ በጣቃዎች መካከል ሦስታችን እንሰበሰባለን። መምህሩ ታሪክ ይነግረናል፤ እኔና ነጋዴው በታሪኩ ውስጥ አንዳንድ ሰው ሆነን እንገባለን። ሰውየው ምን እንደሚያደርግ እኛ እንወስናለን፤ ይሳካለት አይሳካለት እንደሆነ የሚወስነው ግን ሃያ ፊት ያለው ዳይስ ነው። እያንዳንዱ ሰው ጉልበቱ፣ ፍጥነቱ፣ እውቀቱ በቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አለው። ዳይሱ ከቁጥሩ ካልበለጠ ተሳካ፤ ከበለጠ ከሸፈ።

እኔ ማር ቆራጭ ሆንኩ። በአገራችን ዛፍ ላይ ወጥቶ ማር የሚቆርጠው ወንድ ነው፤ ጨዋታ ነው ብዬ ሴት አደረግኋት። ነጋዴው የንጉሥ ጸሐፊ ሆነ። መምህሩ ለጸሐፊው እውቀት አሥራ ስድስት፣ ለእኔዋ ሴት አራት ጻፈ።

“የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጠችማ” አለኝ። ያን ቀን ስቄ አለፍኩት።

አንድ እሁድ ሁለቱ ሰዎቻችን ጫካ ውስጥ ጠፍተው ሦስት ቀን ተራቡ። መምህሩ ንቦች አበባውን የሚቀስሙት ትልቅ የጌተም ዛፍ አሳየን፤ ጫፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል፣ ሥሩ የረገፈ አበባ ደርቆ ተነጥፏል።

“አበባው ረግፎ ከደረቀ ሰነባብቷል ብለሃል” አልኩት። “እንግዲያው ማሩ ደርሷል። ወጥታ ትቆርጣለች።”

“መጀመሪያ ወርውሪ። ማሩ መድረሱን ታውቅ እንደሆነ እንይ።”

ወረወርኩ። አሥራ አንድ።

“አታውቅም” አለ።

“እንዴት አታውቅም? ሥራዋ እኮ ነው!”

“የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ የባዮሎጂ መምህር ነሽ። እሷ አልተማረችም። ተጫዋቹ የሚያውቀውን ሁሉ ገጸ ባሕሪው አያውቅም፤ የጨዋታው መሠረት ይሄ ነው።”

ከመሠረቱ ጋርስ ጠብ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ጸሐፊው ተኝቶ ሳለ ሽፍቶች ሲመክሩበት ነጋዴው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ሰምቷል። በታሪኩ ሲነጋ ግን ጸሐፊውን እያየ ወጥመዱ ውስጥ አስገባው። “ወላሂ ያንገበግበኛል፣ ግን እሱ አልሰማም” ነበር ያለው። በጣም ነው ያከበርኩት።

አሁን ግን ነጋዴው “የኔ ጸሐፊስ?” ብሎ ዳይሱን አነሳ። አሥራ ሁለት መጣለት።

“ጸሐፊው ቀና ብሎ አየና፣ ‘አንቺ ሴት፣ ማሩ ደርሷል’ አላት” አለ መምህሩ። ሁለቱም ሳቁ።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ከከተማ የመጣ ባለሙያ ስለ ንብ ሊያሠለጥን ሰፈራችን ገብቶ ነበር። አባቴን ማር መቼ እንደሚደርስ ጠየቀው። አባቴ ከቋንቋችን ከካፊኖኖ ውጪ የሚያውቃትን ጥቂት አማርኛ ሰብስቦ በትክክል መለሰ። ባለሙያው አማርኛው ላይ ሳቀ፤ ጎረቤቶቻችንም ተከትለው ሳቁ። አባቴም አብሮ ፈገግ አለ። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ ፈገግታ ነው።

“ይህን ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት መሰለህ?” ብዬ ጮህኩበት። “ፊደል ሳልቆጥር ነው ያወቅኩት! አባቴ ከደካ ወዲያ ባለው ጫካ ዕድሜውን ሙሉ ቀፎ ሲሰቅል የኖረ ሰው ነው፤ ስሙን መጻፍ አይችልም። አንተ ዘንድ ስንት ነው? አራት?”

“ኧረ ጨዋታ ነው! ደንቡ ነው እንዲህ የሚለው።”

ወረቀቴን ጨምድጄ ወርውሬበት ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመምህራን ማረፊያ ሰላም ሲለኝ ፊቴን አዞርኩበት።

በዚያው ሰሞን አባቴ ጉልበቱን ሊታይ ሆስፒታል መጣና እኔ ዘንድ አረፈ። የሆነውን ሁሉ በካፊኖኖ ነገርኩት። አብሮኝ ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ሰውየው ሳቀ።

“ዳይሱ እውነቱን ነው” አለኝ።

“ምን?”

“ሰው የሚያውቀውንም ይስታል። ከሸመገልኩ በኋላ ነው፤ አበባው ረግፎ አይቼ ወጣሁ፤ ቀፎው ውስጥ እጭ ብቻ። በንዴት ስወርድ ነው ይሄን ጉልበቴን ያጣሁት።”

በእሱም ተናደድኩ። ለሱ ብዬ የተጣላሁትን ሰው ደግፎ ይነሳብኝ? እራት አቅርቤለት ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። በኋላ ግን ነገሩን ሳላምጠው አንድ ነገር ገባኝ፤ አባቴ ሰው ይስታል አለ እንጂ ማር ቆራጭ አያውቅም አላለም።

እሁድ ተመልሼ ሄድኩ። “እወረውራለሁ” አልኩ ሳልቀመጥ። “ቁጥሩን ግን እኔ ነኝ የምጽፈው።”

“እውቀት አንድ ቁጥር ነው ያለው” አለ መምህሩ።

“እንግዲያው ዛፉ ላይ ጸሐፊው ይውጣ!”

“ኧረ አልወጣም!” አለ ነጋዴው። “እኔስ ጨርቁን በጣቴ ዳስሼ ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ የማውቀው የት ተምሬ ነው? እውነቷን ነው፣ ቲቸር።”

መምህሩ ፊቱ ቀላ። እርሳሱን አነሳና እውቀት የሚለውን ሰርዞ ለሁለት ከፈለው፤ የፊደል እና የጫካ። ለማር ቆራጯ በጫካው አሥራ ሰባት፣ ለጸሐፊው ሦስት ጻፍኩ፤ የጸሐፊው የዚያን ቀን አሥራ ሁለትም በዚሁ ከሸፈ። ከዚያ ወረወርኩ።

አሥራ ዘጠኝ።

ደሜ ፈላ፤ ዳይሱን በመስኮት ብወረውረው ደስ ባለኝ።

“ሳተች” አልኩ እኔው ራሴ። ወጣች፤ ማሩ አልደረሰም፤ ንቦቹም አልማሯትም።

ዘንድሮ አዳዲስ መምህራን ተመድበው መጡ፤ ሁለቱ ጨዋታውን ተቀላቀሉ። መምህሩ ወረቀት እያደለ “ይሄ እኔ ያወጣሁት ደንብ ነው፤ እውቀት አንድ ዓይነት አይደለም” እያለ ያስረዳቸዋል። ሁለት እሁድ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት። በሦስተኛው አንደኛዋ “ግሩም ሐሳብ ነው!” ስትለው አንገቱን ሰበር አድርጎ አመሰገናት።

ነጋዴው ዞር ብሎ አየኝ። “ንገሪያቸው እንጂ፣ ምን ዝም ትያለሽ?”

ነገርኳቸው። ድምፄ እስከ ዋናው መንገድ ሳይሰማ አልቀረም።