አሥራ ሁለት ቁልፍ ያለው ሰው

ሕሊና ህሩይ የሥነ ልቦና ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ያደገችው ጎንደር ከተማ፣ አባቷ መሪጌታ ህሩይ ቅኔ ከሚያስተምሩበት ደብር አጥር ሥር ነው። የስብዕናና የአእምሮ ብቃት ልኬት የሚባለውን ኮርስ ከክፍሏ አንደኛ ሆና ጨርሳለች።

ለመመረቂያ ጽሑፏ የመረጠችው መለኪያ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይፈልጋል። ልጁ ሰው እንዲስል ይጠየቃል። ዓይን ከሳለ አንድ ነጥብ፣ ብሌን ከጨመረ ሌላ ነጥብ፣ ጣቶቹ አምስት አምስት ከሆኑ ሌላ። ድምሩ የልጁን የአእምሮ ዕድገት ያሳያል ይባላል። ያው ልጅ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ይስላል። ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ መለኪያው አይታመንም።

አማካሪዋ ዶክተር ሰውአገኝ አስጠንቅቀዋት ነበር። «ስማቸውን እንዳትጽፊ። ወረቀቱን ያገኘ ሰው የማን እንደሆነ ማወቅ የለበትም።»

ቁጥር መስጠት ትችል ነበር። ልጆች ግን ቁጥር ይረሳሉ። የቤተ ክህነት ልጅ ናትና ሌላ መላ መጣላት፤ የክርስትና ስም። ከወላጅና ከነፍስ አባት በቀር ማን ያውቀዋል? አማካሪዋን አልጠየቀችም።

ከኮሶዬ ገባ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ አርባ ሁለት ተማሪዎች አገኘች። አንድ በአንድ እየተጠጉ የክርስትና ስማቸውን በጆሮዋ ሹክ አሏት። የዘጠኝ ዓመቷ የትነበርሽ ብቻ አንገራገረች።

«እናቴ ለሰው እንዳትነግሪ ብላኛለች።»

«እኔ ለማንም አልናገርም።»

«አንቺማ ልትጽፊው ነው!»

ክፍሉ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀችና ነገረቻት። የሳለችው ሰው ሸሚዝ ለብሷል፤ ሸሚዙ አሥራ ሁለት ቁልፍ አለው። ዓይኖቹ ፊቱን ሞልተውታል። ከአርባ ሁለቱ ትልቁን ነጥብ ያገኘው እሱ ነው። ሕሊና ከሰውዬው እግር ሥር የልጅቷን የክርስትና ስም ጻፈች። ከተማ ስትመለስ ሁሉንም ሥዕሎች ከነስማቸው ፎቶ አንስታ ለአማካሪዋ በቴሌግራም ላከች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዎቹን ወረቀቶች በቦርሳዋ ይዛ ተመለሰች። ክፍሉ ውስጥ መምህር ፋንታሁን ብቻውን ተቀምጧል።

«ልጆቹስ?»

«ማን ይልክልሻል? የትነበርሽ ታማለች። አምስት ቀኗ ነው፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል።»

«ሌሎቹስ ምን አገኛቸው?»

ፋንታሁን በሩን ተመለከተ። «የመሪጌታ ልጅ መጥታ ሰው አሣለች፣ ከሥሩ የክርስትና ስም ጻፈች። ድግምት የሚሠራ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? ምስልና ስም ነው። አንቺ ይህን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?»

ታውቅ ነበር። አባቷ በሕይወታቸው ክታብ ጽፈው አያውቁም፤ እሷ ግን ዓይኑ ፊቱን የሞላ ሥዕል በሌሎች የክታብ ብራና ላይ አይታለች። ከትምህርቷ ጋር ግን አገናኝታው አታውቅም ነበር።

«ጤና ጣቢያ ወስደዋታል?»

«አልወሰዷትም። ስሟ በድግምት ታስሮ ሳለ መርፌ ከነካት ትሞታለች ብለዋል ቤተሰቦቿ።»

የትነበርሽ ቤት ደጃፍ ላይ ሰዎች ሽመላቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰላምታዋን የመለሰ የለም። ውስጥ ልጅቷ መደብ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፤ ስትተነፍስ የጎኗ አጥንት ይገባል ይወጣል። እናቷ አበቡ ከራስጌዋ፣ አያቷ አያ ዋኘው ከግርጌዋ ተቀምጠዋል።

«አመጣሽው?» አሉ አያ ዋኘው።

ሕሊና ወረቀቱን ሰጠቻቸው። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው ተመለከቱት።

«ሸጋ አድርጋ ነው የሣለችው። ዓይኑን ግን እዩት።» እሳቱ ላይ ጣሉት። «የቀሩትንም።»

«አያ፣ የዓመት ድካሜ ነው።»

«እሷን ለማሳደግ የኛስ ስንት ዓመት ይመስልሻል?»

አርባ አንዱን ወረቀት አውጥታ ሰጠች። በሩ ላይ የቆሙት እየተቀባበሉ፣ እያዩ አቃጠሉ።

አበቡ ከልጇ ራስጌ ቀና አለች። «ስሟ ሌላ ቦታ ተጽፏል?»

«አልተጻፈም።»

«አባትሽ በሚያገለግሉት ታቦት ማይልኝ። ከማልሽ አሁኑኑ ወስጄ አስወጋታለሁ። ካልማልሽ ከዚህ አትነሣም።»

ሕሊና ልጅቷን አየች። ትንፋሿን ቆጠረች፤ ለመለካት የተማረችው ሌላ ነገር ነው፣ ይህ ግን ፈጣን እንደሆነ ለማወቅ መማር አያስፈልግም። እውነቱን ብትናገር ልጅቷ እዚያው ትቀራለች።

ማለች።

ልጅቷን በቃሬዛ አድርገው አስፋልቱ ዳር ወዳለው ጤና ጣቢያ አወረዷት። ሰዎቹ ከፊትና ከኋላ ሆነው አጀቡ። ሕሊና በመሐል ሄደች። በመንገድ ላይ ፎቶዎቹን ከስልኳ አጠፋች። ለአማካሪዋም ጻፈች፦ «የላክሁልዎትን ሥዕሎች በሙሉ ያጥፉልኝ። በተለይ አሥራ ሁለት ቁልፍ ያለውን።» ኔትወርክ አልነበረም። መልእክቱ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የጤና ጣቢያው ነርስ ደረቷን አዳመጠች። «ሳንባ ምች ነው። ነገ ብትመጡ ኖሮ አላገኛትም ነበር።» የልጅቷ እጅ ላይ መርፌ ሰክታ መድኃኒቱን በቱቦ ለቀቀች። «ይቺን ማንም እንዳይነቅልብኝ። አሁን ሕይወቷ በዚች ቱቦ ነው።»

እኩለ ቀን ነበር። አበቡ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ሕሊና ከጎኗ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አያ ዋኘው ደጅ ቀሩ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የልጅቷ ትንፋሽ ረገብ አለ። ዓይኗን ገልጣ ውኃ ጠየቀች።

«እሰይ፣» አለች አበቡ። «ተፈታላት።» የሕሊናን ጉልበት በእጇ ያዘች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የነካቻት።

ሕሊና ሰዓት ለማየት ስልኳን አወጣች። ኔትወርክ ነበር። መልእክቷ ሄዷል። መልሱም በዚያው ቅጽበት ገባ፤ ዶክተር ሰውአገኝ ፎቶ አያይዘዋል።

«ይህን ነው የምትዪው? ምርጡን? ኮምፒውተር ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ ለምን ይጠፋል?»

አበቡ ማንበብ አትችልም። ማንበብ አላስፈለጋትም። ዓይኑ ፊቱን የሞላ ሰው፣ በአሥራ ሁለት ቁልፉ፣ ከስክሪኑ ላይ ያያታል። ከእግሩ ሥር ጽሑፍ አለ።

«ይሄ ተቃጥሎ የለም?» አለች። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነበር።

ሕሊና ስልኩን ገለበጠችው።

«አባቴ! አልተፈታላትም!» ብላ ተጣራች አበቡ ወደ ደጁ። አያ ዋኘው ሽመላቸውን ተመርኩዘው ሲነሡ ተሰማ። አበቡ ግን አልጠበቀቻቸውም። ወደ ልጇ ዞረች፤ ቱቦው የገባበትን እጅ በግራ እጇ አነሣች፣ ቀኟንም ወደ ቱቦው ሰደደች።